ትዕዛዝዎ ደርሶናል

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሱፍያን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ያለህበት ደርባን ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? አሚራስ የወገቧ ሕመም ተሻላት? ትንሹ ሁመድ ትምህርት ቤቱን ለመደው? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? እኛም ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ እጄ እምቢ አለኝ። ባለፈው ስትደውል ‹‹አባባ ተኝተዋል›› ያልኩህ ውሸት ነበር። ያኔ አባባ ጠፍተውብን ነበር። እማዬ ‹‹በሰው አገር ሆኖ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው የምታስጨንቂው?›› ብላ ስለከለከለችኝ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ግን ብቻዬን አልቻልኩም። በስልክ እንዳልነግርህ ልቅሶው ይቀድመኛል፤ ስለዚህ ጽፌ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።

የአባባ መርሳት አንተ ከሄድክ ወዲህ ብሶባቸው ነበር። መጀመሪያ የጎረቤቱን ስም ማምታታት ጀመሩ፤ በኋላ ከአብነት ሰፈር ሲመለሱ የግቢያችን በር ራሱ ይጠፋቸው ጀመር። ያን ቀን ለዙሁር ሶላት ብለው ወጡ፤ መስጊድም አልደረሱ፣ ቤትም አልተመለሱ። ፖሊስ ጣቢያ አመለከትን። እማዬና እኔ ፎቷቸውን ይዘን ከልደታ እስከ ሜክሲኮ ያለውን ታክሲ ተራ ሁሉ ዞርን። ለእማዬ አልነገርኳትም እንጂ ሬሳ ክፍልም ገብቼ አይቻለሁ።

ሥራዬ ብርድ ልብስና ምንጣፍ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ለደንበኞች በቻት የሚላከውን መልእክት ማዘጋጀት ነው። መልእክቱ ዝም ብሎ አይላክም። መጀመሪያ ቴምፕሌት የምንለው ረቂቅ ይሠራል፤ የቻት መተግበሪያው ባለቤቶች አይተው ሲያጸድቁት ብቻ ነው ለሺዎቹ ደንበኞች ባንዴ የሚሄደው። ይህን ያህል ሰው ጋ የምደርሰው በዚህ ብቻ እንደሆነ ሲገባኝ የአባባን ፎቶ እንድልክበት አለቃዬን አቶ ሙለታን ለመንኳቸው። ‹‹ሰው ተማሮ ካመለከተብን ቁጥራችን ይዘጋል፤ ስንት ሰው እንጀራ የሚበላበት ነው›› አሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙና ‹‹በይ እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ›› አሉ።

የላክሁት ረቂቅ ውድቅ ሆነ። አስተካክዬ ላክሁት፤ ደግመው መለሱት። ‹‹ማስታወቂያ›› በሚለው ክፍል መግባት ነበረበት አሉ። አባታችንን ማስታወቂያ አደረግኋቸው፣ ወንድሜ። ጊዜ እንዳይፈጅ ብዬም ቀድሞ የጸደቀውን የብርድ ልብስ ቴምፕሌት ገልብጬ ጽሑፉንና ፎቶውን ብቻ ቀየርኩ። ከሥር የነበረውን ቁልፍ ልብ አላልኩትም። ጸድቆ ሲላክ፣ ‹‹ውድ ደንበኛችን፣ እኚህን አባት ያያችሁ›› ከሚለውና ከአባባ ፎቶ ሥር ‹‹አሁኑኑ ይዘዙ›› የሚል ቁልፍ ተለጥፎ ወጣ።

‹‹ዋጋቸው ስንት ነው?›› ብሎ የጻፈልኝ አለ። ዱዓ ያደረገልንም ብዙ ነው። አይቻቸዋለሁ የሚል ግን ጠፋ። ከዚያ ሰው ስላመለከተ ቴምፕሌቱ መሃል ላይ ታገደ፤ ለግማሹ ደንበኛ ሳይደርስ ቀረ። አቶ ሙለታ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን አንስተው ከቢሮ ወጡ።

ቁልፉን የነኩ ሰዎች ስልክ ቁጥር ይደርሰኛል፤ በቀልድ ወይም በስህተት የነኩት መስሎኝ ግን ትቻቸው ነበር። ሌላ ተስፋ ሲጠፋ ለእነሱ መደወል ጀመርኩ። ጀሞ ትንሽ ሱቅ ያላት ሠርካዲስ የምትባል ሴት አነሳችና ማንነቴን ስነግራት ‹‹ምነው እስካሁን?›› አለችኝ። አባባን ሱቋ ደጃፍ ቁጭ ብለው አግኝታቸው ኖሮ፣ መልእክታችን ሲደርሳት ያንን ቁልፍ ነካችው። የቻቱ ማሽን በራሱ ወዲያው ‹‹ትዕዛዝዎ ደርሶናል፤ ሠራተኞቻችን በቅርቡ ያገኙዎታል›› ብሎ መለሰላት። ያንን መልስ ለብርድ ልብስ ገዢዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠርካዲስም መልሱን አምና ‹‹አባቴ፣ ልጆችዎ እየመጡ ነው›› አለቻቸው። አብልታ አሳደረቻቸው። ብንዘገይባት ደግማ ነካችው፤ ያው መልስ መጣላት። አባባ በርጩማ ላይ ሆነው መንገድ መንገዱን ሲያዩ ሰነበቱ። እኔ የደወልኩ ዕለት ጠዋት፣ ዕቃ ልታወርድ ዞር ስትል፣ በዚያ ዝናብ ‹‹ልጆቼን ልቀበል›› ብለው ወጥተዋል።

ሠርካዲስ ሱቋን ዘግታ አብራኝ ፈለገች። አንድ ጅምር ፎቅ ሥር አገኘናቸው፤ ዘበኛው ጆንያ ደርቦላቸዋል፣ ሰውነታቸው በትኩሳት ይነድዳል። አሁን ሆስፒታል ተኝተዋል። ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቷል። ሐኪሙ ‹‹ሩቅ ያለ ቤተሰብ ካለ ንገሩ›› አለኝ።

አባባ አያውቁኝም፣ ሱፍያን። ሾርባ ላጎርሳቸው ስል እጄን ቀስ አድርገው ይመልሱና ‹‹ልጆቼ እየመጡ ነው፣ ከእነሱ ጋር እበላለሁ›› ይላሉ። ‹‹ሪሀና ነኝ፣ መጥቻለሁ›› እላቸዋለሁ። ‹‹አላህ ይስጥሽ የኔ ልጅ፤ እኔ ግን ልጆቼን ልጠብቅ›› ይሉኛል። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች።

ወረቀትህ እንዳላለቀ፣ ከወጣህ መመለሻ እንደሌለህ አውቃለሁ፤ ና አልልህም። ድምፅህን ግን ያውቁት ይሆናል። ይህ እንደደረሰህ ደውልልኝ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደርገዋለሁ። ‹‹አባባ፣ ደርሻለሁ፣ ብሉ›› በላቸው። ውሸት ቢሆንም በላቸው።

አሚራን በናፍቆት ሳምልኝ ብላሃለች እማዬ፤ እኔም እንደዚያው። ሁመድን አያቱ ስሙን አልረሱትም በለው፣ እውነት ነው፣ ትናንት ጠርተውታል። እማዬ ዱዓዋ ካንተ አልተለየም።

እህትህ ሪሀና
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.