ከልቡ የጸለየ ሰዓት ይቀነስበታል

«ውድ ሚስተር ክሬብዝ፦ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የቲርዛ ሆልኮምን የሒሳብ ማጠቃለያ ፈተና ያለ ፈቃድ ዳግም መክፈትዎ የትምህርት ቤታችንን የታማኝነት መርህ የሚጥስ ነው። ተማሪዋ የተሰጣትን ጊዜ በአግባቡ አልተጠቀመችበትም። ስለዚህ ሁለተኛው ውጤቷ ተሰርዟል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ወደ አልጀብራ ክፍል አትገባም። በክርስቶስ ፍቅር፣ ርእሰ መምህሩ።»

ለክቡር ዶክተር ብራድሊ ሃንስፎርድ፣
የኦንላይን ክርስቲያን ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል? የሰሞኑ በረዶ የጣሪያዎን ክዳን እንዳልበሳው፣ የኢንተርኔት መስመርዎንም እንዳልቆረጠው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስለ ጉልበቴ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ከጉዳዩ ውጭ አይደለም።

ከላይ ቃል በቃል የገለበጥኩት ባለፈው ማክሰኞ የላኩልኝን ደብዳቤ ነው። ወላጆች ሁሉ እንዲያነቡት በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ያወጣሁት፣ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ብቻዬን ማጣጣም ስስት መስሎ ስለታየኝ ነው። በሦስት ዐረፍተ ነገር አንዲትን ልጅ ከክፍሏ፣ አንድን መምህር ከክብሩ አውርዶ በፍቅር መሰናበት የሚችል ሰው በካንሳስ ሜዳ ላይ ብዙ አይገኝም። ምስጋናዬን በተራ በተራ ማቅረቤን እንደ ሒሳብ አስተማሪ ልማድ ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጸሎቱ ገጽ አመሰግናለሁ። ልጆቻችን እቤታቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው፣ እናት ወይም አባት ከኋላ እየጠበቃቸው ሲፈተኑ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት የጸሎት ገጽ ይከፈታል። «ዓይንህን ጨፍነህ ከልብህ ጸልይ፤ ስትጨርስ አሜን የሚለውን ተጫን» የሚለው መመሪያ የወጣው በእርስዎ ስም ነው፤ ከሥሩም የሳምንቱ የጸሎት ርእሶች ተደርድረዋል። ይህን ልማድ እኔም እወደዋለሁ። ወላጆች የማያውቁት፣ እኔም እስከዚህ ወር ድረስ ያላወቅሁት ግን፣ የፈተናው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ከአሜን በኋላ ሳይሆን ገና የጸሎቱ ገጽ ሲከፈት መሆኑን ነው።

ሁለተኛ፣ ቲርዛን ስለምታውቋት መንገድ አመሰግናለሁ፤ እናንተ የምታውቋት በውጤቷ ብቻ ነውና። እኔ ዓመቱን ሙሉ አስተምሬያታለሁ። መልሷ ትክክል ሆኖ እንኳ «ሚስተር ክሬብዝ፣ በሌላ መንገድም ይመጣ እንደሆነ ልየው» የምትል ልጅ ናት። በማጠቃለያው ፈተና የሠራችውን ሁሉ አንድም ሳትስት ሠርታ፣ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ግን ባዶ ትታቸው ሳይ ለእናቷ ስልክ ደወልኩ። ወይዘሮ ሎርና ሆልኮም የነገሩኝ ይህን ነው፦ «እኔ እኮ ከኋላዋ ነበርኩ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ እያነሣች ጸለየች፤ ለአያቷ ሕመም፣ ሥራ ላጣው ለጎረቤታችን፣ ደግሞ ለእርስዎ ጉልበት። ታዲያ እንዴት ብዬ ‘ነይ ቶሎ በይ’ ልበላት?»

ጉልበቴን በጸሎት ርእሶቹ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ። ስለዚህ ልጅቷ «በአግባቡ ያልተጠቀመችበት» ጊዜ ከፊሉ የዋለው በእኔ ጉልበት ላይ ነው። የእርስዎም ስም በዚያው ገጽ ላይ ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ አመራር ማስተዋል እንዲሰጥ ይላል። ጉልበቴ በመጠኑ ተሽሎኛል። ሁለተኛው ልመና ገና መልስ አላገኘም።

ሦስተኛ፣ ከፈተናው በኋላ በነበረው የትምህርት ሰዓት ነገሩን ለክፍሉ ሳነሣ፣ ኮልተን የሚባለው ተማሪዬ ማይክሮፎኑን ከፍቶ ሁሉም እየሰማ «እኔማ ዓይኔን ሳልጨፍን ነው አሜኗን ቀጭ የማደርጋት! እግዜር እንደሆነ ሳልነግረውም ያውቀዋል» አለ። አንዷ ተቀብላ «አንተ ቀልማዳ፣ ለካ ለዚህ ነው ሁሌ ቀድመህ የምትጨርሰው!» ስትለው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቲርዛ ብቻ አልሳቀችም። ኮልተን የምወደው ልጅ ነው፤ ሆኖም ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ምን እንደሚሰጥ የሚወስነው እንደ ዕለቱ ስሜቱ ነው። በመስከረም ወደ አልጀብራ የሚገባውም እሱ ነው። ጸሎት ሲረዝም ሰዓት ያጥራል፤ ሰዓት ሲያጥር ውጤት ይወርዳል። አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስበትን ዝምድና ለማስረዳት ዓመታት ሙሉ በቧንቧና በታንከር ምሳሌ ስደክም ኖሬ፣ ከዚህ የተሻለውን በገዛ ትምህርት ቤቴ ስላገኘሁ ባለውለታዎ ነኝ።

አራተኛ፣ ስለ ጥፋቴ። ለልጅቷ መልስ አልነገርኳትም፤ ጥያቄም አልቀየርኩላትም። በጸሎት ላይ ያለፈውን ያህል ጊዜ ብቻ ከፈትኩላት፤ እናቷም እንደ ደንቡ ከኋላዋ ተቀመጡ። ባዶ የነበሩትን ሁሉ ሠራች፤ አንዱንም አልሳተችም። እናንተ የሰረዛችሁት ውጤት ይህ ነው። ከሰው የወሰዱትን መመለስ የታማኝነት ጥሰት መሆኑን እስከዚህ ዕድሜዬ አለማወቄ ያሳፍረኛል።

ስደውልልዎ ደግሞ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዎ «ድዋይት፣ ወንድሜ፣ ሰዓቱን እናስተካክል ብንል የሶፍትዌሩን ሰዎች መለመን ሊኖርብን ነው። ለምን ልጅቷን አጠር አድርጋ እንድትጸልይ አትመክራትም?» አሉኝ። ያን ዕለት ጧት ለመምህራን ሁሉ የላኩት የማለዳ ስብከት ስለ እውነተኛ ሚዛን ነበር። በጣም ጥሩ ስብከት ነበር፤ ደግመው ቢያነቡት አይቆጩም።

አምስተኛ የምለው የለኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። የቲርዛ አባት ዊቺታ በሚገኝ ፋብሪካ የአውሮፕላን ክንፍ ይገጣጥማሉ። ልጅቷ ወደፊት ምን መሆን እንደምትፈልግ ስጠይቃት «አባዬ የሚገጥመውን ክንፍ እኔ እነድፈዋለሁ» ብላኛለች። በስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ያልጀመረ ልጅ በእኛ ሥርዓት ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሰው መሐንዲስ የሚያስፈልገው ሒሳብ ላይ ሳይደርስ መሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ቅደም ተከተሉን ያጸደቁት እርስዎ ነዎትና።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፣ የቲርዛ ሁለተኛ ውጤት እንዲጸድቅ፣ ሰዓቱ ከአሜን በኋላ መቁጠር እንዲጀምር፣ «ጊዜዋን በአግባቡ አልተጠቀመችበትም» የሚለው ቃልም እሷው በምታነበው ደብዳቤ እንዲነሣ ነው። የአልጀብራ ምዝገባ የሚዘጋው ሜይ 29 ቀን ዓርብ ስለሆነ፣ መልስዎን እስከዚያው ዕለት ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ለስላሳ የስልክ ጥሪ መልስ አይሆነኝም። «በጸሎት እያሰብንበት ነው» የሚልም እንዲሁ፤ በዚህ ትምህርት ቤት ጸሎት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያባክን ደብዳቤዎ አስረድቶኛል።

ትዕግሥትዎን፣ ቸርነትዎንና በተለይም ሰዓትዎን የሚያከብር፣ በአንድ ጉልበቱም ቢሆን ለሥልጣንዎ ከመንበርከክ ወደኋላ የማይል የሒሳብ መምህርዎ፣

ድዋይት ክሬብዝ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የትናንቱን የልምምድ ፈተና ተመለከትኩ። ቲርዛ የጸሎቱ ገጽ እንደተከፈተ ወዲያው አሜንን ተጭናለች። ፈተናውን ከሁሉም ቀድማ ጨርሳ ሙሉ ውጤት አግኝታለች። እናቷን ብጠይቃቸው «ዓይኗን አልጨፈነችም» አሉኝ። እንኳን ደስ አለዎት፣ ክቡር ዶክተር፤ ልጅቷ ጊዜዋን በአግባቡ መጠቀም ተምራለች።