የገዛኸኝ መኪና ምርቃት

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለገሊላ፤

በሰው አገር ፊት አይጥቆርብሽ፤ ብርዱም ጠላትሽም ይራቅልሽ። እኛ በካርቱም ሙቀት እየቀለጥንም ደህና ነን። የአያትሽ ጥርስ አለቀ እንጂ ምላሱ አላለቀም።

የገጠር ሴቶችን በምናሳክምበት ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኜ በነፃ ማገልገሌን አልተውኩም። ለጽድቅ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የምበቀለው ሰው ነበረኝ።

አምና ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ወዲያ ባለ የእርሻ መንደር አንዲት ሴት ምጥ ያዛት። ነጋዴውን ገዛኸኝን «ቦክስ መኪናህን፣ ፒካፑን፣ አውሰን» ብዬ ለመንኩት። «ጋሼ፣ ወንበሩ ይበላሽብኛል» አለኝ። ባጃጅ በምትሏት በራክሻ ስትንገላታ ልጇ ሞተባት። ቂሜን ቋጠርኩ።

ዘንድሮ በልደታ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ፣ እንደ ልማዳችን የሰጪዎችን ስም ስጠራ ገዛኸኝ ከፊት ተቀምጧል። «አቶ ገዛኸኝ ቦክስ መኪናቸውን ለወላዶች ሰጥተዋል!» አልኩ። እንኳን ሊሰጥ አስቦትም አያውቅ! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ቄሱም መስቀላቸውን አንስተው መረቁት። ከተመረቀ በኋላ ማን ደፍሮ «አልሰጠሁም» ይላል? ላቡን እየጠረገ «አሜን» አለ።

ስንወጣ «ጋሼ፣ ገደሉኝ እኮ!» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ።

«ወላሂ፣ ገና ነኝ» አልኩት።

ትናንት መኪናው ያመጣት ወላድ በሰላም ተገላገለች። ገዛኸኝ ግን የሱቁን ዕቃ ከኦምዱርማን ገበያ በአውቶቡስ ያጓጉዛል፤ ሳየው ቁርሴ ይጣፍጠኛል።

ማርያም በምጥሽ ቀን ከጎንሽ ትቁም። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ለገዛኸኝ ደውለሽ አመስግኚው። ጓደኞችሽም ይደውሉለት። ሰው ሁሉ እያመሰገነው መኪናውን መልሶ ለመውሰድ ፊት አይኖረውም።

አያትሽ ሰይፈሚካኤል