ከበሩ በላይ ያሰቀልኩት ምንጣፍ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ገላነሽ፤
ጎባ።

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጋሽ እንደሻውስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የጎባ ብርድ ጉልበትሽን ለቀቅ አደረገልሽ ወይስ ጭራሽ ባሰበት? እኛ አምላክ ይመስገን፣ በለጡም ልጆቻችንም ደኅና ናቸው። ደኅና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ እሱም የአካል ሕመም ሳይሆን ኀፍረት ነው።

ጡረታ ወጥቼ ካሜራ ገዛሁ ብዬ ስጽፍልሽ፣ በስተእርጅና ልጅነት አማረህ ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደዚያ የተደሰትኩበት ዘመን የለኝም። ዕድሜውን ሙሉ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው፣ አሁን በአውቶቡስ አንዴ ባቢሌ አንዴ ጅጅጋ እያልኩ ግመሉን፣ ገበያውን፣ ድንጋዩን ፎቶ ሳነሣ እውላለሁ። ፈረስ መጋላ ሱቅ የከፈተ ወርቁ የሚባል ፎቶ አንሺ ፊልሙን ያጥብልኛል፤ ያማረውንም መስኮቱ ላይ ያወጣልኛል። ሰው ቆሞ ሲያይልኝ ልቤ ያብጥ ነበር። ጉድ የሠራኝም ያው መስኮት ነው።

ጨርቅ ነጋዴውን ዐብዱልወሃብን ታስታውሺዋለሽ፤ የሠርግ ቀሚስሽን ከሱ ነው የገዛነው። ልጁ ነሲማ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እኔም ለቅሶ ደርሼ ከወንዶቹ ጋር ደጅ ተቀምጫለሁ። ባለፈው ወር ቤትህን ፎቶ ላንሣው ብዬ ለመንኩትና ደስ ብሎት ኤረር በር አጠገብ ወዳለው ቤቱ ወሰደኝ። እትዬ፣ ያን ቤት ብታይው! መደቡ በቀይ የተቀባ፣ ግድግዳው ሙሉ ሳህንና ሙዳይ። ከበሩ በላይ ግን ባዶውን የተጋደመ እንጨት አለ፤ ባዶነቱ ዓይኔን ረበሸኝ። ጥግ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ አየሁና፣ ይህን እዚያ ብትሰቅሉልኝ ፎቶው ያምርልኝ ነበር አልኩ። ዐብዱልወሃብ መሬት መሬት አየ። ባለቤቱ መብሩካ እሺ ብለው ተነሥተው፣ አቧራውን በእጃቸው ጠርገው ራሳቸው ሰቀሉት። እኔም ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ቀና፣ እያልኩ አዘዝኳቸው።

ፎቶው አምሮ ወጣ። ወርቁም ከመስኮቱ መካከል ሰቀለው። ሰሞኑን ዘመድ ጥየቃ ከድሬዳዋ የመጡ የአደሬ ሴቶች ያዩትና የማን ቤት ነው ብለው ይጠይቁታል። እሱም ለከተማው እንግዳ ነውና እንደዋዛ ይነግራቸዋል። ለካ ለልጃቸው ሚስት ሲያፈላልጉ ኖሯል፤ ቀጥ ብለው ዐብዱልወሃብ ቤት ሄዱ። በአደሬዎች ወግ፣ በነዐብዱልወሃብም ቤት፣ ከበሩ በላይ ምንጣፍ ከተሰቀለ፣ ለመዳር የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት ነው። እነ መብሩካ ነሲማ ስትሞት ነበር ያወረዱት።

ይህን የነገረኝ ጎረቤታቸው ዓሊዪ ነው። ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰው አገር ለማየት ብዬ ጅጅጋ ድረስ ስንከራተት፣ ተወልጄ ባረጀሁበት ከተማ የወዳጄን ቤት ወግ አላውቅም። ፎቶውን ከመስኮቱ አስወርጄ ቤቴ ተደበቅሁ። ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ ብላ የገፋችኝ በለጡ ናት።

ትናንት ሄድኩ። ዐብዱልወሃብ ግባ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። መብሩካ ልወድቅ ስል ከለከሉኝ። ወላሂ አልተቀየምኩህም፣ አንድ ጊዜ ተሰቅሎ ላየው ናፍቆኝ ነው እሺ ያልኩህ አሉኝ። ሴቶቹንስ ምን አሏቸው ብዬ ጠየቅሁ። አስገብተው፣ ሻይ አቅርበው፣ ሴቶቹ ስለ ልጃቸው ጠባይ፣ ስለ ሥራው፣ ስለሚያመጣው ጥሎሽ ተናግረው እስኪጨርሱ አዳመጧቸው። ልጅ የለችኝም ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። ነሲማ ጠያቂ ሳይመጣላት ነው የሞተችው፤ አንድ ቀን እንኳ ስትጠየቅ ልስማላት ብዬ ነው አሉኝ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ እትዬ። ካሜራውን እስካሁን አልነካሁትም።

ለጋሽ እንደሻው ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ። በለጡ በናፍቆት ትስምሻለች። ትንሹን ልጅሽን ሳሚልኝ። ልጅሽን ለተማርያምንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እሷን ለትዳር የሚጠይቅ ሽማግሌ በዛብን ብለሽ ላማረርሽው ግን፣ እባክሽ እህቴ፣ አንዱንም ከደጅ አትመልሺ።

ወንድምሽ ለገሠ
ሐረር፣ የካቲት 14 ቀን 1962 ዓ.ም.