ዘሩን ያወጣች እጅ

ሁሉም ነገር የተበላሸው ወንድምሽ ዳቦውን ወይን ውስጥ እየነከረ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «የሚወለደው ልጅ ጸጉሩ ቀይ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ያለኝ ጊዜ ነው። እኔ ሞኟ ሳቅሁ። አብሮኝ የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

ለልጅነት ባልንጀራዬ፣ ኋላም የባሌ እህት ለሆንሽው፤ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ በዚህ ብርድ አልባሰብሽም? ትንሿ ልጅሽስ ጥርስ አበቀለች? እናቲቱ ዴሜጥርና ልጇ፣ ሁለቱ አማልክት ይመስገኑ፣ እኔ በአባቴ ቤት በጤና አለሁ። ሆዴ ገፍቶ መሸመኛው ፊት መቆም አቅቶኛል።

በጾሙ ቀን በእህል አምላኳ በዴሜጥር ደጅ ቅጠል ጎዝጉዘን መሬት ላይ ስንቀመጥ ስድቡ እንዴት እንደ ጀመረ ታስታውሻለሽ። ልጇን የተነጠቀችውን አምላክ ያሳቃት ስድብ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ያልተሳደበች ሴት እንዳልጾመች ትቆጠራለች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ባሏን «ምድጃው ሰፊ፣ እሳቱ ትንሽ!» ብላ አዋረደችው። መርጠን አለቃ ያደረግናት አሮጊቷ መሊታ እንኳ የሟች ባሏን ማንኮራፋት እያስመሰለች በሳቅ ገደለችን። ያኔ አንቺ በክርንሽ ጎሸም አደረግሽኝና «አንቺ ፊደል ቆጣሪ፣ አፍሽን ማን ሰፋው?» አልሽኝ። ተነሣሁ። ገና ያልገፋ ሆዴን ይዤ፣ «ባሌ ቴሌስ ከወይራ ዛፎቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ያመሻል፤ ቀይ ጸጉሩ ሸክላ ሠሪ ግላውቆስ ጠፍጥፎ ባይሰጠኝ ኖሮ ይሄን ልጅ ከየት አመጣው ነበር?» አልሁ። እየሳቅሽ ቅጠሉ ላይ የተንከባለልሽው አንቺ ነበርሽ።

በዚያ ቀን የተባለ ከዚያ ግቢ አይወጣም። ለባልም፣ ለወንድምም አይነገርም። ይህን ሁላችንም ከእናቶቻችን ነው የሰማነው።

ወንድምሽ ግን ቀልዱን እንደ ኑዛዜ ይዞ መጣ። ብምል አልሰማኝም። «በገዛ አፍሽ ተናግረሻል፤ ፊደል ያስቆጠረሽ አባትሽ ይቀበልሽ» ብሎ አስወጣኝ። ሕፃኑን ልጄ ነው ብሎ ታቅፎ በምድጃው ዙሪያ እንደማይዞር ለጎረቤት ሁሉ ተናገረ። አባት ያላዞረው ሕፃን በማሰሮ ተደርጎ ከከተማው ውጭ እንደሚጣል ታውቂያለሽ። የእኔው ወንድም ደግሞ ሰሞኑን ሰፊ ማሰሮ ገዝቶ በሩ ጥግ አስቀምጧል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ምስር ሞላሁበት።

የሚያብሰለስለኝ ግን ሌላ ነው። ከጾሙ ማግስት መሥዋዕቱ ወደሚጣልበት ጉድጓድ የወረድሁት እኔ ነኝ። እናንተ እባቦቹ እንዲሸሹ ከላይ ስታጨበጭቡ፣ የበሰበሰውን የመሥዋዕት ቅሪት በቅርጫት አውጥቼ መሠዊያው ላይ አኖርሁ። ንጹሕ ያልሆነች እጅ ብትነካው ከእሱ ጋር የተዘራ እህል አይበቅልም ይባላል። ወንድምሽ እኔን ባስወጣ በማግስቱ ያንኑ ከመሠዊያው ወስዶ ከዘሩ ጋር ቀላቅሎ ዘራው። አባቴ በማሳው በኩል ሲያልፍ አይቶት፣ እንደዚህ ያለ ቡቃያ በአገሩ የለም አለ። እጄ ርኩስ ከሆነ ለምን አይነቅለውም?

ደግሞ ሲያስወጣኝ «ሴት እንድትሆን ተመኝተሽ ስም ሁሉ አውጥተሽላታል» አለኝ። አዎ፣ ተመኝቻለሁ። ግን ያንን ቆሜ አልተናገርሁትም። ሳቁ ካበቃ በኋላ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ስንንቀጠቀጥ እኔና አንቺ ብቻ ያወራነውን እያስታወስሁ ነው። ያወጣሁላት ስም የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

የቡቃያው በዓል ሲደርስ ወደ አምላኳ ደጅ እመጣለሁ። በምንዝር የተባረረች ሴት እዚያ ከተገኘች፣ ማንም ልብሷን ቢቀድ የወንዶቹ ሕግ ይፈቅዳል። መሊታ ግን «ነይ፤ ቀልድ መሆኑን በሁለቱ አማልክት የምትምልልሽ አንዲት ሴት ትገኝ እንጂ፣ እኛ ንጹሕ ናት ብለን እናውጃለን» ብላ ልካብኛለች። ሴቶቹ ካወጁ፣ ወንድምሽ ለእህሉ ፈርቶም ቢሆን ልጁን ያዞራል።

ልጆች ሳለን ትንንሽ ሴቶች «ድብ» ተብለው ለአምላኳ ለአርጤምስ በሚጨፍሩበት ዕለት፣ ቢጫ ቀሚስሽ ተቀድዶ ስታለቅሺ የእኔን አውልቄ አለበስሁሽ። እኔ ከዳር ቆሜ አንቺ ጨፈርሽ። አሁንም ቀሚሴን ለመቅደድ የሚነሣ እጅ ካለ የመጀመሪያው ያንቺ ይሁን። ካልሆነ አጠገቤ ቁሚና ማዪልኝ።

እናቲቱ ጎተራሽን ትሙላልሽ። ልጅሽን ከእቅፍሽ ማንም አይንጠቅሽ።

እኔ ከእንግዲህ ከእጄ ዘር ተቀብሎ ልጄን የሚገፋ ሰው ፊት አንገቴን አልደፋም። ዝም ካልሽም ዝምታሽን እንደ ፍቅር አልቀበልም።

ቀሚሷን ያለበሰችሽ ባልንጀራሽ