ማዳበሪያ ስለተከለከሉት የደረጃችን ጽጌረዳዎች

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት፣ ከተቻለም ተቀምጠው ሳሉ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው፣ ጎረቤት «የባለ አበባዋ ልጅ» የሚለኝ ነኝ።

በቅድሚያ፣ አፈር ደረጃ ያቆሽሻል በማለት የአበባ ማሰሮዎቻችንን አስገልብጠው በኮኮነት ቃጫ ስላስሞሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቃጫው ቀላል ነው፣ ውኃ አያቁርም፣ ሥሩም እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ይሁንና ቅር ያሰኙኝን ጥቂት ነገሮች በትሕትና ላቅርብ።

፩. ቃጫ ውስጥ ለአበባ የሚሆን ምግብ የለም ማለት ይቻላል፤ ተክሉ የሚበላው እኛ የምንሰጠውን ብቻ ነው። እርስዎ ግን «ማዳበሪያ ይሸታል» ብለው ከለከሉ። የሚሸተው ፍግ እንጂ በውኃ የሚሟሟው ዱቄት እንዳልሆነ ላስረዳ ስነሳ፣ ስብሰባውን በጭብጨባ ስለዘጉልኝ አመሰግናለሁ።

፪. ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ እምቡጦቹ ሳይፈኩ ረገፉ። እናቴ ዳሌዋን ከታከመች ወዲህ ከቤት የምትወጣው እነዚያን ጽጌረዳዎች ለማየት ብቻ ነበርና፣ እሷም በሯን ዘግታ ተቀመጠች። ክልከላዎን ስነግራት ግን ቀና ብላ፣ «ሰውየው ራሱ ውኃ ብቻ ጠጥቶ ነው እንዴ የሚያድረው?» አለችኝ። መልሱን ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

፫. ይህኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም፣ የምሥራች ነው። ባለቤቴና እኔ ውኃ ባጠጣን ቁጥር ማዳበሪያ በስሱ እየበጠበጥን መስጠት ጀመርን፤ የማዳበሪያው ጨው ተጠራቅሞ ሥሩን እንዳያቃጥልም ከማሰሮው ሥር እስኪንጠባጠብ እናጠጣለን። እናቴ ደፍ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ እርስዎ ብቅ ሲሉ ትስላለች። ሳሏን ሰምተው «እግዜር ይማርዎ እናቴ» ስላሏት እጅግ ተደስታለች።

ከዚያማ ምን ልበልዎ! ደረጃው ቀይ በቀይ ሆነ። እናቴ ሁለተኛ ፎቅ ወረደች፣ አንደኛ ፎቅ ወረደች፤ አንድ ቀን ደግሞ ዋናው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ስትሳሳቅ አገኘናት። በዚያው ሰሞን እርስዎ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ለእንግዶችዎ ጽጌረዳዎቹን እያሳዩ «በንጹሕ ውኃ ብቻ ነው!» ሲሉ፣ ባለቤቴ ሳቋ አላስችል ብሏት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች። ለባከነው ውኃ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከትእዛዝዎ በታች፣ ከመኝታ ቤትዎ በላይ የምንኖር፣
ዘወትር አክባሪዎችዎ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ በመጪው ምርጫ ለሰብሳቢነት ትወዳደራለች። ቅስቀሳውን ከእርስዎ ቤት ጀምራለች፤ እርስዎ ስላልነበሩ ባለቤትዎ በክብር ተቀብለው ድምፃቸውን ሊሰጧት ቃል ገብተውላታል።