ያልዘየርሽው ደጅ

ውድ መዲናዬ፣

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በራችን ላይ ያለው ጃካራንዳ ሁለት ጊዜ አብቦ ሁለት ጊዜ ረገፈ። ዘንድሮም እንደ ልማዴ መኪናዬን ከሥሩ ፓርክ አድርጌ፣ ጣሪያው በአበባ ተለጣጥፎ አገኘሁት። ብትኖሪ ኖሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ትቆጪኝ ነበር። የሚቆጣኝ ስለጠፋ ራሴን በራሴ ተቆጥቼ አጠብኩት፤ ግን እንዳንቺ አልቻልኩበትም።

የምጽፍልሽ ለማልቀስ አይደለም። ላመሰግንሽ ነው፤ ደግሞም የሰጠሽኝን መልእክት የት እንዳደረስኩት ልነግርሽ ነው። ብቻ አትቸኩዪ፣ ታውቂኛለሽ፣ ዙሪያውን ዞሬ ነው የምደርስበት።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የእህቴ ልጅ ቤዛ ዲቪ ደርሷት መጥታ፣ አንቺ ልብስ የምትሰፊበትን ክፍል ይዛለች። ቀን ቀን አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ማታ ማታ እኔን። ጋሼ ትለኛለች፣ አንቱታው ግን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲመዘን የተቀነሰ ይመስለኛል። በመጣች ሰሞን የመታጠቢያ ቤታችንን ሰማያዊ ሸክላ ከአንድ ሱልጣን ቤተ መንግሥት በሻንጣ ያመጣነው ነው ብዬ ነገርኳት። እውነት መስሏት ፎቶ አንስታ ለጓደኞቿ ሁሉ ላከች። በኋላ ቁም ሳጥኑ ሥር የተረፈውን ሸክላ ከነዋጋ ወረቀቱ አገኘችውና ሳምንት አኮረፈችኝ። አንቺ በስንት ቀን ትታረቂኝ እንደነበር ስነግራት ሳቀች፣ በዚያው ታረቅን።

የሐበሻ ሰፈራችን ፌርፋክስም ትንሽ ተለዋውጧል። በመስኮቱ በኩል የምንቀመጥበት ምግብ ቤት ባለቤቱ ጡረታ ወጥተው ለልጃቸው አስረክበዋል። ልጁ ወንበሮቹን በሙሉ ቀየረ፤ ሽሮውን አልነካም፣ ተመስገን። ጓደኛዬ መኮንን ዛሬም በፒኮ መንገድ አውቶቡስ እየመጣ እዚያው ጥግ ይቀመጣል፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚቆጣጠረው እኔን ብቻ ነው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያንን የድሮ ቀልዴን እደግማለሁ፣ "መካን ባላይም መዲናን አግብቻለሁ" እላለሁ። ሰዉ ይስቃል። ግን እንደ ድሮው ክንዴን የሚቆነጥጠኝ ስለሌለ፣ ቀልዱ ግማሹ የት እንደሄደ እኔ ብቻ አውቃለሁ።

ምስጋናዬ የሚጀምረው ከጉዟችን ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሰው የማመላልስ የቫን ሾፌር እንደነበርኩ፣ ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ስታውቂ አላፈርሽብኝም። የቀረውን ከቤተ መጻሕፍት በውሰት ጨርሼዋለሁ ስልሽ፣ "መልሰሃቸዋል ወይ?" ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። የአገራችን ሰው ዕረፍት ሲያገኝ ላስ ቬጋስ ይሄዳል፣ ወይ ለሠርግ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኛ በየዓመቱ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸውን ሰዎች ቤት ስንዞር ኖርን። ውላችንን ታስታውሻለሽ? ከእስልምና በፊት ያለው ድንጋይ በእኔ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ባንቺ። ግብፅ ላይ ጠዋት ፒራሚዱ ሥር በፀሐይ አቃጥልሻለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አንቺ በአሮጌው ካይሮ ጠባብ መንገድ ከመስጊድ መስጊድ ታዞሪኛለሽ። እግሬ አበጠ ስልሽ፣ ፈርዖኖቹ ናቸው ያሳበጡት፣ የኔዎቹ ጥላ አላቸው ትይኛለሽ።

እዚያው ካይሮ የሠራሁትን ጉድ ለቤዛ ስነግራት አላመነችኝም፤ ሸክላው ካመጣብኝ ጣጣ አንዱ ይህ ነው። አንቺ ምስክር ነሽ። አንድ ትልቅ ወልይ፣ በኛ አነጋገር ጻድቅ፣ የተቀበሩበት ቦታ ደረስን። በሩ በብር የተለበጠ እንጨት ነበር። እኔ ስለ ጉልላቱ አሠራር እያወራሁሽ ሄጄ ሄጄ በሩ ላይ ስደርስ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የማደርገውን ሳላስበው አደረግኩ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ መቃኑን በቀኝም በግራም ተሳለምኩት። በር ጠባቂው ሽማግሌ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከሩቅ አገር የመጣሁ አጥባቂ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ፣ መስዬያቸው እጄን ይዘው ሰልፉን አስቀድመው አስገቡኝ፣ መዳፌ ላይ ሽቶ አፈሰሱልኝ፣ መቃብሩ አጠገብ ወለል ላይ አስቀመጡኝ። አንቺ በሴቶቹ በኩል ተሰልፈሽ፣ በሻሽሽ አፍሽን ይዘሽ ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ አየሁሽ።

ስንወጣ፣ "ሙስሊሟ ፀሐይ ላይ ቆማ ክርስቲያኑ ሽቶ ተቀባ" አልሽኝ።

ከዚያ ግን ቀልዱን ተውሽው። መንገድ ዳር ሻይ እየጠጣን፣ ዛሬ ትክክል የሠራኸው አንተ ነህ አልሽኝ። በእናትሽ አገር በወሎ እንዲህ ያለ ቦታ "ይዘየራል" እንጂ "ይጎበኛል" አይባልም፤ የሚጎበኝ ሰው አይቶ ይሄዳል፣ የሚዘይር ሰው ግን የቤቱን ጌታ ሰላም ሊል ነው የመጣው ብለሽ አስረዳሽኝ። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም፣ የኛ "መሳለም"ም እኮ ከሰላም የመጣ ነው፣ ስለዚህ አንድ ቃል ነን ብዬ ተከራከርኩሽ። ያን ቀን እንደረታሁሽ ይሰማኛል፣ አንቺ ደግሞ ሆን ብለሽ የተረታሽልኝ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የሄድንበት ሁሉ ሌላ ሆነ። ኮንያ ላይ ያንን አረንጓዴ ሰማያዊ የወልይ መቃብር ጉልላት ስታዪ ቆመሽ ቀረሽ፣ አስጎብኚው እየጠራን እኔ ነኝ "ሰላም እያለች ነው፣ ቆይ" ያልኩት። ኮርዶባ መስጊዱ ውስጥ ደግሞ አንዱን ዓምድ በመዳፍሽ ነክተሽ ለረጅም ጊዜ ዝም አልሽ። መስጊዱ መሀል ለመሀል ካቴድራል ተሠርቶበታል። ምን ትይ ይሆን ብዬ ፈርቼ ጠበቅኩሽ። ዞር ብለሽ፣ "የኛን ቤት አይመስልም? መሀሉ ላይ ሆኖ የሚጮኸው አንተ ነህ" አልሽኝ። አብረን ከሳቅናቸው ሳቆች ሁሉ ያንን ነው ዛሬም የማስታውሰው።

ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ቦታ ግን ቀረን። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለውን፣ የእናትሽን ወልይ ደጅ። ካንቺ በፊት የወለደቻቸው ልጆች አላድግ ሲሏት እናትሽ እዚያ ኮረብታ ወጥታ ለምና ነበር፤ የሚቀጥለው ልጅ ካደገላት እጁን ይዛ ልታመጣ ቃል ገብታ ነበር። አንቺ ተወለድሽ፣ አደግሽ። ግን አባትሽን ሥራ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው፣ እናትሽ ሳትመለስ አረፈች፣ ቃሉ ባንቺ ላይ ቀረ። እንሂድ ባልኩሽ ቁጥር፣ እሱ የቤት ነው፣ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ የሩቁን እንይ ትይኝ ነበር። የትም ያልሄደው ቦታው ነው።

ሕመሙ ሲጠናብሽ፣ ሆስፒታል በመስኮቱ የምትታይ አንዲት ዘንባባ ላይ ስቀልድ እጄን ያዝሽኝ።

"ታሪኬ፣ እኔ እንግዲህ አልደርስም። ሄደህ ዘይርልኝ።"

እሺ አልኩሽ። ወዲያው ነው ያልኩት፣ ማሰቢያ ጊዜ እንኳ አልወሰድኩም። ማሰቡ የመጣው በኋላ ነው። ስለቱ የናትሽ፣ መሄድ የነበረባት አንቺ። እኔ አንገቴ ላይ ማተብ ያለኝ ሰው፣ የጉልላት ዓይነት በቃሌ ብደረድር እንጂ አንዲት ዱዓ የማላውቅ፣ ሄጄ ብቆም ይቆጠርልሻል ወይ? ካልተቆጠረ ሁለተኛ ማን ይሄድልሻል? ዓመት ያቆየኝ ይኸው ነው፣ መዲናዬ። መንገዱ አይደለም፣ ሥራም አይደለም።

ለመኮንን አጫወትኩት። "እዚያ ደርሰህ አቡነ ዘበሰማያት ልትል ነው?" ብሎ አሳቀኝ። እየሳቅኩ ወጣሁ፣ መኪናው ውስጥ ስገባ ሳቁ ቆመ፣ ምክንያቱም እኔም ሌላ የምለው አልነበረኝም። ቤዛ ደግሞ ማስጠናት ወደደች፣ "ሶ ጋሼ፣ በቃ እዚያ ስትደርስ ምን ትላለህ?" እያለች በየቀኑ ትፈትነኛለች። በመጨረሻ ደሴ ለአክስትሽ ልጅ ለሰይድ ደወልኩለት። የፈራሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ፣ ና ብቻ፣ ደጁ መታወቂያ አይጠይቅም አለኝ።

ሄድኩ። እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሰይድ መኪና፣ የመጨረሻዋን ዳገት በእግር። በመንገድ ሁሉ ንግግሬን አዘጋጀሁ። ስለ ናትሽ፣ ስለ ስለቱ፣ ስለ ማተቤ፣ ስለ ኮርዶባ ሳይቀር አስገብቼበታለሁ፤ የሚያስጨበጭብ ንግግር ነበር።

ደረስን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይኔ ጉልላት ፈለገ። የነበረው ግን በጭቃ የተመረገ ክብ ቤት ነው፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ አረንጓዴ የተቀባ የእንጨት በር። ይህ ነው እንዴ ብዬ አሰብኩ። ወዲያው አፈርኩ፤ ለካ ያን ሁሉ ዓመት አስተምረሽኝ ገና እየጎበኘሁ ነበር። ጫማዬን አወለቅኩ።

ውስጥ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ዱዓ የሚያደርጉት ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ፣ ማተቤንም አዩት፣ ስለሱ ግን ምንም አላሉም። ማንን ይዘህ መጣህ ልጄ አሉኝ። አፌን ስከፍት ከዚያ ሁሉ ንግግር አንድም አልወጣም።

"የፋጡማን ልጅ መዲናን ይዤ መጣሁ።"

ከኋላዬ ያለውን በር አዩት። "የታለች?"

"አሜሪካ ቀብሬያት ነው የመጣሁ። እሷ ናት የላከችኝ።"

ሽማግሌው እጄን ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መዳፋቸውን ዘረጉ፤ አልቸኮሉም፣ አልተጠራጠሩምም፣ ማንንም አላማከሩም። "የፋጡማ ልጅ መዲና ዘይራለች" አሉ። ሰዉ ሁሉ "አሚን" አለ።

አስተውለሻል? ባሏ ዘየረላት አላሉም። ዘይራለች ነው ያሉት፣ አንቺ ራስሽ። ዓመት ሙሉ ይቆጠራል አይቆጠርም እያልኩ የተጨነቅኩበትን ነገር አንድ ቃል ዘጋው። እኔም አሚን አልኩ። ድምፄ ስለተሰበረ ሰይድ ጀርባዬን እየመታ፣ "አብሽር፣ አብሽር" አለኝ፤ በናትሽ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚያጽናኑት።

ትንሽ ቆይተው ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "አንተንስ ማን ልበል?"

ታሪኩ እባላለሁ አልኳቸው።

"አላህ ታሪክህን ያሳምረው" አሉና ፈገግ አሉ። ሰዉ በአሚኑ ላይ ሳቁን ጨመረበት። ዕድሜ ልኬን በሰው ስም ስቀልድ ኖሬ፣ በስተርጅና በገዛ ስሜ ተቀለደብኝ። እዚያ ብትኖሪ ክንዴን ሳይሆን ጎኔን ነበር የምትቆነጥጪኝ። ከዚያ ጫት ሰጡኝ፣ ቅጠሉን ከነእንጨቱ ማኘክ ስጀምር ከጎኔ ያሉ አንዲት እናት ከእጄ ነጥቀው ለጋውን እየመረጡ ሰጡኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለ ኮርዶባ ዓምዶች ለመንደሩ ሁሉ እያስረዳሁ ነበር አሉ። ሰይድ ነው የሚያወራው፣ እኔ አላስታውስም።

ተመልሼ ለመኮንን ስነግረው አልቀለደም። እኔም ስሞት አንድ ቦታ እልክሃለሁ አለኝ። ሩቅ ከሆነ አልሄድም አልኩት። ቤዛም ፈተናውን ማለፌን ሰምታ፣ ለሸክላው ሙሉ በሙሉ ይቅር አለችኝ።

መዲናዬ፣ ለፀሐዩም ለጥላውም፣ ለሳቅሽም ለዝምታሽም እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የተጠረበ ድንጋይ ሁሉ የሚነበብ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አንቺ ውስጡ ሰው እንዳለ ነገርሽኝ። ከሁሉ በላይ የማመሰግንሽ ነገር ቢኖር ግን ያንን የመጨረሻውን ደጅ ለእኔ መተውሽ ነው። ለዘመድሽ ለሰይድ ብትተዪው በግማሽ ቀን ይጨርሰው ነበር። ለእኔ ስለተውሽው፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ አብረን ተጓዝን።

ሰማርቃንድ ቀርታን ነበር። በሚመጣው ፀደይ ከቤዛ ጋር እሄዳለሁ። እዚያም ሆነ ከዚያ ወዲያ እግሬ በሚያደርሰኝ ደጅ ሁሉ፣ ማንም ይጠይቀኝ ማንም አይጠይቀኝ፣ ከእኔ በፊት የፋጡማ ልጅ መዲና መጥታለች ብዬ ነው የምገባ። ድምፄን ከፍ አድርጌ እለዋለሁ። ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል ትይኝ እንደነበር አውቃለሁ። ይስማ።

ያንቺው ታሪኩ