የአንጎላን ቡና ማን ጠጣው?

ወንድሜ ጥዑመልሳን፣

ቅኝ ግዛት ገዢውን አገር ይጠቅም እንደሆነ መምህራን ክፍል ስንከራከርበት የኖርነውን ጥያቄ እዚህ አሜሪካ፣ ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ፣ ሁለት ባልቴቶች መለሱልኝ። እህቴ ስርጉት በምትሠራበት ሆቴል አንሶላ ያጣጥፋሉ። ፈርናንዳ የተወለዱት ፖርቱጋል ነው፤ ቴሬሳ ደግሞ ፖርቱጋል ትገዛት በነበረችው አንጎላ።

ስርጉት፣ «ሶ፣ ቶሎ ጠይቃቸው፤ ትራንስሌት አደርግልሃለሁ» አለችኝ።

«አንጎላ አገርዎን አበልጽጋለች?» አልኳቸው ፈርናንዳን።

«ሊዝበን ውስጥ የከበሩ ነበሩ» አሉ። «እኛ መንደር ግን የቡና አቅም ስላልነበረን ገብስ ቆልተን አፍልተን ነበር የምንጠጣው። ወንድሜን አንጎላ ያለውን የቡና እርሻ ጠብቅ ብለው በወታደርነት ወሰዱት፤ በሣጥን መለሱልን።»

የደብረ ብርሃን ሰው እንኳ ገብስ የሚቆላው ወዶ ነው።

ቴሬሳ አንሶላውን አስቀመጡት። «አባቴ ያንን ቡና ተገደው ነው የለቀሙት። አንድ ሲኒ አልቀመሱም» አሉ።

አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲሠሩ ይህን አንሥተው አያውቁም። ቴሬሳ ጠረጴዛውን ዞረው መጡና የፈርናንዳን እጅ ያዙ።

«ወንድምሽ ስሙ ማን ነበር?» አሏቸው።

እስካሁንም ይደንቀኛል።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትነሽን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹንም ሳምልኝ።

ሙሉዓለም